ስምንት ረድፍ ተኩል

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ይኸው፣ እኔም ጻፍኩ።

ደብተሩን የሰጠኝ መምህር ብሥራት ነው። ከመቶ ሃያ ተማሪ አንደኛ ስለወጣሁ። እሺ... ከአሥራ አራት። አንደኛ የሚባል ነገርም አልነበረም። የማታው ፊደል ትምህርት ሲያልቅ ለሁላችንም ደብተር ታደለን። ግን የእኔው ወፍራም ነው። "ጋሽ ሳህሉ፣ በየቀኑ አንድ መስመርም ቢሆን ይጻፉ፤ ካልጻፉ ፊደሉ ጥሎዎት ይሄዳል" አለኝ። እኔን? በሃምሳ ስምንት ዓመቴ የያዝኩት ፊደል?

ጠዋት መነንን አጠብኩ፣ ፀጉሯን አበጠርኩ፣ ኦትሚሏን በማንኪያ አበላኋት። ከዚያ ሥራ። ከዚያ ቤት። ሌላ ምን ይጻፋል?

ይሄን "እሺ ከአሥራ አራት" የምታስብለኝ እኮ እሷ ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ ወሬ ሳጋንን፣ ከያዘችው ሥራ ቀና ሳትል "ቀንስ" ትለኛለች። እቀንሳለሁ። "ቀንስ።" ደግሞ እቀንሳለሁ። እውነቱ ጋ ስደርስ ዝም ትላለች። ሠርጋችን ላይ ሁለት ሺህ ሰው ነበረ ብዬ ጀምሬ ዘጠና ላይ ያቆመችኝ ሴት ናት።

ከሰኔ ወዲህ የሚያስቀንሰኝ የለም። ስትሮክ መታት። ቀኝ እጅና እግሯ አልታዘዝ አላት። ቃሉም ሁሉ ጠፋ። የቀረላት አንድ ብቻ... "ይኸው"። ሻይ ላምጣልሽ? ይኸው። አመመሽ? ይኸው። ስትናደድ ዓይኗ እንባ ይሞላና... ይኸው፣ ይኸው፣ ይኸው።

አሁን መለስ ብዬ ሳየው፣ ደብተሩን የከፈትኩት በእሷ ቃል ነው። ሳላስበው።

ጥቅምት 7፣ ሐሙስ

ሀጀራ መጣች። ስፒች ቴራፒስቷ፣ ንግግር የምታለማምዳት። ማክሰኞና ሐሙስ ከስፕሪንግፊልድ እዚህ ላንግሊ ፓርክ ድረስ እየነዳች ትመጣለች። የሐረር ልጅ ናት፣ አንደበቷ ማር። ሥዕል ያለበት ካርድ ታወጣለች፤ ኩባያ፣ ቁልፍ፣ ጫማ። "እትዬ መነን፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ይኸው።

ስትወጣ በር ላይ ያዘችኝ። "ጋሼ፣ ዲሴምበር አምስት ኢቫልዌሽን፣ ግምገማ አለባቸው። ኢንሹራንሱ ለውጥ ካላየ ፕሮግራሙን ይዘጋዋል።" ዲሴምበር አምስት በእኔ ደብተር ኅዳር 26 ነው።

"ለውጥ ስትዪ ምን ያህል?"

"አንድም ቃል ቢሆን። ግን እኔን እየደገሙ አይደለም። ራሳቸው ፈልገው የሚሉት፣ ቦታው ላይ የገባ ቃል።"

"አንድ ቃል? አንድ ሺህ እናመጣልሻለን!" አልኳት። ማንም ቀንስ አላለኝም።

ደግሞ ምን አለች... ዘፈን ጭንቅላት ውስጥ የሚቀመጠው ከንግግር ሌላ ቦታ ነው። ማውራት ያቃተው ሰው ሲዘፍን ቃሉ ሊወጣለት ይችላል። "መዝሙር አይወዱም?" አትወድም ወይ! የመዘምራን መሪ የነበረች ሴት። ነሐሴ ላይ በስልኬ ከፍቼላት ነበር። የመጀመሪያውን ቃል አፏ ላይ ይዛ ስትታገል ሁለተኛው መጥቶ ሄደ። በግራ እጇ ስልኩን መትታ ጣለችው። ከዚያ ወዲያ መዝሙር ስከፍት ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። የራሷን ነገር ነዋ የተቀማችው።

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ተናድጃለሁ። ፊደሌ ቢጣመም ከንዴት ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው የምሠራበት አዳራሽ ለማንም ይከራያል። ሠርግ፣ ልደት፣ ስብሰባ። እኔ ወንበር እደረድራለሁ፣ ሲጨርሱ እጠርጋለሁ። ዛሬ ሕንዶች ናቸው አሉኝ። ነጩም ጥቁሩም አለበት። ወንበርም አልፈለጉ፤ ምንጣፍ አነጠፉ። ጫማቸውን እንደኛ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አወለቁ። ሦስት መቶ ሰው ይሆናል። ቀንስ ሳህሉ... መቶ... እሺ፣ አርባ።

አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣለች። ከፊቷ እንደ ሣጥን ያለች ትንሽ ኦርጋን አለች፤ በአንድ እጇ የኋላውን ወናፍ ትገፋለች፣ በሌላው ትጫወታለች። አጠገቧ አንድ ሰውዬ በሁለቱም ጫፍ የሚመታ ረጅም ከበሮ ይዟል። እሷ አንድ መስመር ታወጣለች፣ ሕዝቡ ያንኑ ይቀበላል። ታወጣለች፣ ይቀበላል። ቀስ ብሎ ይጀምርና እየፈጠነ... እየፈጠነ... ጭብጨባው ግድግዳውን እስኪነቀንቀው።

መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አውጪና ተቀባይ እኛ ጋ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ሰማሁ። ሁሉም አንድ ላይ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ "ሽባ! ሽባ! ሽባ!"

ደሜ ፈላ። ያቺን ቃል ቤቴ ውስጥ ማንም እንዲጠራት አልፈቅድም። ለመሆኑ ማን ነገራቸው? በማን ላይ ነው የሚጨበጨበው? ሲያቆሙ ጠብቄ ከነመጥረጊያዬ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ስናደድ ይበልጥ ያምርብኛል።

"ዋይ ዩ ሴይ ሽባ? ማይ ዋይፍ ኢዝ ሽባ!"

ሴትየዋ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ ገጠመች። ፊቷ በራ። "ኦ፣ ዩር ዋይፍ ኢዝ ሺባ? ቢዩቲፉል!"

ቢዩቲፉል! መጥረጊያውን እዚያው ጥዬላት ወጣሁ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ለመምህር ብሥራት ነገርኩት። ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ዲያቆን ሰው እንዲህ ይስቃል?

"ጋሽ ሳህሉ፣ ቨን ያስተማርኩ ቀን ቀርተዋል።"

እውነቱን ነው። ዓመቱን ሙሉ የቀረሁት አንድ ቀን ነው፤ መነን ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበራት። ደብተሬ ጀርባ ላይ ጻፈልኝ። በን የሚመስል፣ አናቱ ላይ ቆብ የደፋ። የውጭ ቃል ሲመጣ ነው የሚያገለግለው አለኝ። ሺ...ቫ። ለእነሱ የአምላክ ስም ነው።

ወይ ውርደት! ሰዎች አምላካቸውን ሲጠሩ እኔ መጥረጊያ ይዤ... በአንድ ቆብ ምክንያት!

ቤት ገብቼ ለመነን ነገርኳት። ነገርኳት ብቻ አይደለም፣ ተወንኩላት። መጥረጊያ ያዝኩ፣ ዓይኔን አፈጠጥኩ፣ "ማይ ዋይፍ ኢዝ ሽባ!" አልኩ። ከዚያ እጄን ደረቴ ላይ ገጥሜ "ቢዩቲፉል!" ስል፣ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ያለቀሰች መስሎኝ መጥረጊያውን ጣልኩ። ለካስ ሳቅ ነው! አፏ በግራ በኩል ብቻ ተከፍቶ፣ ድምፅ ያለው ሳቅ። አራት ወር ሙሉ ያልሰማሁት። ሦስቴ አስደገመችኝ። በጣቷ መጥረጊያውን እያሳየች "ይኸው!"

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ይቅርታ ጠየቅሁ። ሴትየዋ ካቪታ ትባላለች። በሳምንቱ መሐል የጥርስ ሐኪም ናት። ሽባ ማለት በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ሳስረዳት እሷም ከበሮ መቺውም ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ካቪታ ቀስ ብላ፣ "ባለቤትህ ግን እንዴት ናት?" አለችኝ። ሌላ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ኢንሹራንስ አላት?" ብሎ ነው።

የሚያደርጉት ነገር ኪርታን ይባላል። "እዚህ አድማጭ የሚባል የለም። ድምፁ ያማረም ያላማረም ሁሉም ተቀባይ ነው" አለችኝ። ድምፄ እንደሚያምር ነገርኳት። አገሬ ወያላ ነበርኩ፤ መርካቶ ስጣራ ሳሪስ ይሰማል። ማንበብ ስለማልችል ታፔላውን በአፌ ነበር የምጽፈው። እሷ ግን ቀንስ አላለችም፤ ጭንቅላቷን ነቀነቀች ብቻ።

"ሳህሉ-ጂ፣ ይዘሃት ና።" ጂ ማለት እንደ ጋሽ ነው አሉ። ይኸው ጋሽነቴ በሕንድም ታወቀ።

ጥቅምት 18፣ ሰኞ

ስልክ አንዴ ካወቀብህ አይለቅህም። ኪርታን ብዬ በአፌ ብጠይቀው ጉድ አዘነበብኝ። ስንቱ ዘማሪ ነው ያለው በዚህ ዘመን! አንዷ የለንደን ልጅ፣ ጊታር ይዛ ባቡር ጣቢያ ውስጥ። ሁለት ወንድማማቾች ኒው ጀርሲ፣ መኪና በሚያድሱበት ጋራዥ፣ ከዘይት ልብሳቸው ጋር። አንድ ረጅም ባለቀይ ፀጉር፣ ሕንድ አይቶ የማያውቅ የሚመስል፣ ሲጀምር ግን ሕንዶቹ ራሳቸው ከኋላው ይቀበሉታል። ሁሉንም ማርክ ሰጠኋቸው። እኔ ከሁሉም እበልጣለሁ። ከሦስቱ... እሺ፣ ከጊታሯ ልጅ።

ከሁሉም ግን አንዲት አሮጊት። ወንዝ ዳር ተቀምጠው፣ ወፍራም መነጽር አድርገው፣ አንዲት መስመር ለአርባ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ አንድ መስመር! እዚህ አላጋነንኩም፣ ስልኩ ላይ ተጽፏል።

አሥረኛው ደቂቃ ላይ የመነን ግራ እግር ምቱን ያዘ። ሃያኛው ላይ "ማ..." አለች። ቃል አይደለም። ዜማ ግን ነው። ፊቷንም ወደ ግድግዳ አላዞረችም።

ለምን? ቁጭ ብዬ አሰብኩበት። መዝሙሩን ታውቀዋለች፤ እያንዳንዱ ቃል ሲጠፋባት ይቆጠርባታል። ይሄንን ግን አታውቀውም። የማታውቀው ቃል እንዴት ይጠፋባታል?

ጥቅምት 20፣ ረቡዕ

ቤዛዊት እዚሁ አጠገባችን ካለው አሌክሳንድሪያ ኮል አደረገች። ልጃችን፣ ነርስ ናት። ዲቪው ለእናቷ ሲደርስ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን እኔን ትቆጣለች።

"አባ፣ አር ዩ ሲሪየስ? እማዬን በዊልቸር የሌላ ሃይማኖት ጸሎት ልትወስዳት?"

"ዜማ ነው እኮ ልጄ..."

"ኖ ማለት እንኳን አትችልም! አስበኸዋል?"

አላሰብኩትም። እውነቷን ነው። አዎ ብትልም ይኸው፣ አይ ብትልም ይኸው።

መምህር ብሥራትን ጠየቅሁት። "ጸሎቱ የእነሱ ነው፣ አክብረው ይቀመጡ። የእርስዎ ጸሎት ከእርስዎ ጋር ነው፣ አዳራሽ ገቡ ብሎ አይጠፋም" አለኝ። ግን እሱ አይደለም ዋናው። ዋናው እሷ።

ጫማዋን እግሯ አጠገብ አስቀመጥኩ። "መነን፣ መሄድ ካልፈለግሽ ገፍተሽ አርቂው። ከፈለግሽ ተዪው።" ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ ግራ እግሯን ራሷ አስገባች። የቀኙን ደግሞ በአገጯ አሳየችኝ... ምን ትጠብቃለህ፣ አጥልቅልኝ እንጂ!

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ሄድን። በአውቶቡስ። ሹፌሩ መወጣጫውን አወረደልን፤ እኔም በድሮ ሙያዬ "አንዴ ጠጋ በሉ!" ብዬ ተሳፋሪውን በአማርኛ አስጠጋሁት። ገባቸው።

ኋላ ተቀመጥን። ካቪታ ቀስ ብላ ጀመረች። እኔ የአምላካቸውን ስም አልጠራሁም፤ ዜማውን ብቻ ነው የተቀበልኩት። መነን አንደኛውን ዙር ዝም። ሁለተኛውን ዝም። ሦስተኛው ላይ "ማ... ማ ማ..." ልክ ነው! አንድ ቦታ እንኳን አልሳተችም። የመዘምራን መሪዋ እዚያው ውስጥ ናት፣ የትም አልሄደችም።

ደስ ብሎኝ ከአርባው ሰው በላይ ስጮህ በግራ ክርኗ ጎሸመችኝ።

ደስ ያለኝ ሌላ ነገር... ማንም ዞሮ አላየንም። አንድም ሰው።

ጥቅምት 26፣ ማክሰኞ

ሀጀራ ስትሰማ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ወረወረችው። "ዜማው ካለ መንገዱ አለ ማለት ነው! አሁን በራሳቸው ቋንቋ ይስጧቸው። ሳያስቡት የሚወጣ፣ ከልጅነት የቀረ ነገር። አጭር። የሚደጋገም።"

ምን ይሆናል? ስሄድ አሰብኩ፣ ስጠርግ አሰብኩ። መጥረጊያው መሐል ላይ መጣልኝ።

ሀ ሁ!

እሷ በአምስት ዓመቷ የኔታ ጋ እየጮኸች የያዘችው። እኔ አምና እየጮህኩ የያዝኩት። የእሷ ከሁሉ የቆየ፣ የእኔ ከሁሉ አዲስ። በካቪታ ዜማ፣ እኔ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ።

ይሄን ልጻፈው፣ ማንም አያነበውም። ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበበችልኝ እሷ ናት። የመብራት ወረቀት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ የቤዛዊት የትምህርት ቤት ውጤት። ማኅበር ላይ መጽሐፍ ገልጣ ትሰጠኝና ገጽ ስትገልጥ በክርኗ ትነካኛለች፤ እኔም እገልጣለሁ። አንድ ሰው አላወቀብኝም። አንድ ቀን እንኳን አልነገረችብኝ።

አሁን የእኔ ተራ ነው።

ጥቅምት 27፣ ረቡዕ

ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ግራ እጇን በእጄ ይዤ ጠረጴዛውን እየመታን። ምንም። ሁለት መቶ ጊዜ ዘመርኩ። ቀንስ... ሃያ ሁለት ጊዜ። ምንም።

ነገም አለ። ከነገ ወዲያም።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ካቪታ ምክንያቱን ነገረችኝ። ስልኬ ላይ የቀዳሁትን ሰምታ ፈገግ አለች። "ሳህሉ-ጂ፣ የእሷን ቦታ አንተ እየሞላኸው ነው። የአውጪ ሥራው ማቆም ነው።"

ወያላ ማቆም ያውቃል? ሂሳብ እስኪሰጡኝ እንኳ ዝም ብዬ አላውቅም። ቤት ስገባ ሞከርኩ። ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ... ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። አንድ። ሁለት። ሦስት።

"ሆ!"

"ሆ!" አለች! መነን! እኔም "ሆ!" ብዬ ዘለልኩ፤ የታችኛው ቤት ሰውዬ ጣሪያውን በዱላ ደበደበው። ይደብድብ! ነገ ደግሞ ህ ሆን እንተውላታለን። እንዲህ እየቀነስኩ እስከ ሀ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሀ፣ ለ፣ ሐ አለቁ። ሀ እና ሐ ድምፃቸው አንድ ነው፤ እኔ ግን ሁለት ቆጥሬላታለሁ። ማን ይከሰኛል?

ከካርዱ ግን አሁንም ይኸው ብቻ። ሀጀራ "ጥሩ ነው ጋሼ፣ ግን ይሄ መደጋገም ነው። የራሳቸው ቃል ያስፈልጋል" አለች። ይመጣል አልኳት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ቤዛዊት በዓይኗ ልታይ መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ በር ላይ ቆማ ሰማች። መ ነበርን። መ ሙ ሚ... አቆምኩ... "ማ ሜ ም ሞ!" አለች እናቷ፣ በዜማ፣ የራሷን ስም ፊደል።

ቤዛዊት ኩሽና ገብታ ውኃ ከፈተች። የውኃ ድምፅ ለቅሶ የሚሸፍን ይመስላታል፤ ከእናቷ የወረሰችው ነው።

ተመልሳ አጠገባችን ተቀመጠች። በስምንት ዓመቷ ያወቀችው ፊደል ጥሏት ሄዷል። "አባ፣ ዌት፣ ስሎው ዳውን፤ ከሚ ቀጥሎ ምንድን ነው?" ሁለት ተቀባይ አገኘሁ። ስትወጣ ኮሪደር ላይ ቆመችና "ኪርታኑ አሌክሳንድሪያም አለ ወይ?" አለችኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ አለ አልኳት። "እኔ ነኝ የምነዳላችሁ" አለች።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

አሌክሳንድሪያ፣ አንድ የዮጋ ቤት። የሚያወጣው እንግዳ ከሰሜን ካሮላይና የመጣ የእንጨት ሠራተኛ ነው፤ ኦርጋኗን ራሱ ነው የሠራት። ድምፁ ጎርናና፣ ዓይን አፋር፤ በየመስመሩ መሐል ረጅም ዝምታ ይተዋል። መጀመሪያ ረስቶት መሰለኝ። ኋላ ገባኝ። ዝምታው ውስጥ ነው ሰው ሁሉ የሚገባው። መነን ጭንቅላቷን ቤዛዊት ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ ተቀበለች።

እንደ እሱ ማቆም እፈልጋለሁ። ማንም እንዳይሰማ እዚህ ብቻ ጻፍኩት።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

መጥፎ ቀን።

ሸን ትናንት ጨርሰን ዛሬ ቀ ገባን። ጠዋት ለመምህር ብሥራት ስልክ ደውዬ ነበር። "ፊደሉን ጨርሳለች በለኝ! ሃያ ረድፍ! ነገ ዳዊት ትደግማለች!" እያልኩ። ስዘጋ መነን አፍጥጣ ታየኛለች። "ቀ..." አለች። ጎበዝ! አልኩና ጀመርኩ። ቀ ቁ ቂ... አቆምኩ። "ቀ..." ይኼንንስ ብለነዋል፣ ቃ በዪ! "ቀ...!" ቃ! ቃ በዪ እንጂ! ጠረጴዛውን በግራ እጇ መታችው። እኔም ጮህኩ። አዎ፣ ጮህኩባት።

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። ምን ሠራሁ?

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

አዳራሽ አልሄድኩም። ይቅርታ ጠየቅኳት። ይኸው አለች፣ በቀዝቃዛው። ቀ ላይ እንደቆምን ነን። አሁንም አንዳንዴ ታየኝና "ቀ..." ትላለች፣ እኔም ቁ ቂ ቃ ስል ትተወዋለች።

አልተውም። ኅዳር 26 ቢመጣም አልተውም። ፕሮግራሙን ቢዘጉትም አልተውም። አሮጊቷ አንድ መስመር አርባ ደቂቃ ካሉ እኔ አርባ ዓመት እላለሁ። ይሄ አይቀነስም።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ሀጀራ ላፕቶፗን ከፈተች። ካርድ። ኩባያ? ይኸው። ቁልፍ? ይኸው። ጫማ? መነን ጫማዋን አየች፣ አፏን ከፈተች... ይኸው። አሥሩም ይኸው። ሀጀራ መጻፏን ቀነሰች፣ ከዚያ አቆመች። ዓይኗን ከእኔ አሸሸች።

ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ አፌ ይከፈታል።

"ሀጀራ፣ ካርዱን ተዪው! ይቺ ሴት እኮ ፊደሉን በሙሉ ጨርሳለች! ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱንም! ከሀ እስከ ፐ! በሁለት ሳምንት!"

ከዊልቸሩ "ቀ..." ተባለ።

"ይኸውልሽ! ሰማሽ? ቀ ቁ ቂ..."

መነን ጠረጴዛውን መታችው። ሀጀራ እጇን አነሳች። "ጋሼ። ዝም ይበሉ።"

ዝም አልኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። ያ የእንጨት ሠራተኛ እንደሚተወው ያለ ዝምታ። መነን ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ያቺ ቀና ሳትል የምታየኝ የድሮዋ አስተያየት።

"ቀ... ን... ስ።"

ምን አልሽ?

"ቀንስ።"

በካቪታ ዜማ ነው ያለችው። ወደ ታች ወረድ ብሎ በሚያልቀው።

"እሺ..." ድምፄ ጠፋ። ሳሪስ የሚሰማው ድምፄ። "እሺ፣ መቶ ፊደል።"

"ቀንስ።"

"ሰማንያ።"

"ቀንስ።"

"ስምንት ረድፍ... ተኩል። ቀ አላለቀችም።"

ዝም አለች። እውነቱ ጋ አቆመችኝ።

ሀጀራ አንዴ እኔን አንዴ እሷን ታያለች። "ምንድን ነው? ምን ይቀነስ?" እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። ኋላ ነገርኳት። የሠርጉን ሁለት ሺህ ሰው፣ ዘጠናውን፣ ሁሉንም። ላፕቶፗን መልሳ ሳበችና እየጻፈች በአፏ አነበበችልኝ። "ራሳቸው ፈልገው ያሉት ቃል። በቦታው የገባ። አራት ጊዜ።"

አራት ጊዜ። የሚቀነስ የለውም።

ለካ ኅዳር 17 ያቃታት ቃ አልነበረም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፏ ላይ ይዛው፣ እኔ ነኝ ቦታ ያልሰጠኋት።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ማክሰኞና ሐሙስ እንደድሮው። መነን አሁን ያላት ቃል አራት ነው። ይኸው፣ ቀንስ፣ ጫማ፣ ቤዛ። አራት።

ጠዋት ይሄን ደብተር ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩላት። እኔ ለእሷ! "ከመቶ ሃያ ተማሪ አንደኛ" ስል "ቀንስ" አለች። "ቆይ እንጂ መነን፣ ቀጥሎ ቀንሼዋለሁ እኮ፣ ልጨርስ!" አልኳት። የጮህኩባት ቀን ጋ ስደርስ መዝለል አሰብኩ። አልዘለልኩም። እጄን በግራ እጇ ይዛ ሰማችኝ።

ከሰዓት አዳራሽ። ምንጣፉን አነጠፍኩ፣ ጫማዬን በር ላይ አወለቅሁ፣ የእሷንም። ዛሬ ሠላሳ ስድስት ሰው ነበረ። አንድ በአንድ ቆጥሬ ነው።

ካቪታ አወጣች። ሠላሳ ስድስቱም ተቀበሉ። እኔ አፌን ዘጋሁ... አንዷን ድምፅ ለመስማት።